ትልቁ ሰውዬ አራተኛ ነው

ከውትድርና ለመሰናበት ቢሮው የገባሁ ዕለት ኮሎኔሉ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም። ያ ሰውዬ የጦር አውሮፕላን ማረፊያውን ባዘዘበት ዘመን ሁሉ የእኛን የመቆጣጠሪያ ማማ ደረጃ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ሆዱ አያስወጣውም። እንግዳ ሲመጣ ግን ከታች ቆሞ በጣቱ ወደ ላይ እያሳየ «ሰማዩን የምንቆጣጠረው ከዚያ ነው» ይላል። ሰማዩን የምንቆጣጠረው እኔና ጓደኞቼ ነበርን። እሱ የሚቆጣጠረው የመኮንኖች ክበብን ምሳ ነው።

«ሃምሳ አለቃ» አለኝ፣ «ሲቪል ዓለም ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ያንኑ ሥራዬን ልሠራ ነው ጌታዬ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ።»

«እዚያ እኮ ሥርዓት የለም። ማንም ማንንም አይሰማም። ሁሉም በዘመድ ነው።»

ይህን ያለኝ የአጎቱን ልጅ ከግምጃ ቤት አንስቶ ሹፌሩ ባደረገ ማግስት ነው። ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። ሳቄን ያፈነዳሁት ከበሩ ውጪ ነው።

ቡራዩ ውስጥ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው በየዓመቱ ቤት እየበቀለበት አልቆ፣ እሳቸው በተረፈቻቸው ጓሮ ጎመን ያለማሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ነው የሚላቸው። በገባሁ ዕለት ሥራዬን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ። ትራፊክ ነኝ ብለሽኝ የለም? ትናንት አሸዋ ሜዳ ላይ ልጄን ትራፊክ መንጃ ፈቃዱን ቀምቶታል። እስቲ አንድ ቃል ተናገሪልኝ።»

«ኦቦ፣ እኔ እኮ የአውሮፕላን ነኝ።»

«የአውሮፕላንም መንጃ ፈቃድ ይቀማል?»

«ኧረ እኔ የምቀማው የለም።»

«ታዲያ ትራፊክነትሽ የቱ ላይ ነው?» ብለው ቅር እያላቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ትራፊክ ነኝ ትላለች» ይሉ ጀመር። እሷ ትላለች፣ እኔ ግን አላየሁም እንደማለት።

እሳቸውስ ምን ያድርጉ። የባሰባት ሰበታ ያለችው እናቴ ናት። ለዕድሩ ሁሉ ሆስተስ ሆናለች ብላ አውርታለች። ላርማት ስሞክር «ያው ነው፤ ዋናው አውሮፕላን መኖሩ ነው» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ «ሆስተስ? በዚህ ፊት?» አለች። ለዓመታት በነፋስና በጭጋግ የሰው ነፍስ ይዤ ውዬ አድሬ፣ ሰበታ ላይ የተፈረደብኝ በፊቴ ነው።

ለሲቪሉ ሥራ የሚሰጠው ሥልጠና ላይ ገና ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛውን በአፍንጫቸው የሚናገሩ፣ የራዲዮ መነጋገሪያ ጨብጠው የማያውቁ ናቸው። ስም ሲጠራ ተነስቼ ቀጥ ብዬ «አቤት!» ስል ከኋላ ይንከተከታሉ። «ሃምሳ አለቃ፣ አሳርፊን!» ይላሉ። ይሳቁ አልኩ። እኔ አውሮፕላን ሳሳርፍ እነሱ ስልካቸው ላይ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አስተማሪያችንንም ናቅኳቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ዶሮ እንኳ እሽ ብለው የሚያባርሩ የማይመስሉ ሰው ነበሩ።

የሲሙሌተሩ ቀን መጣ። ስክሪን ላይ የውሸት አውሮፕላኖች ይመጣሉ፤ አንቺ እንደ እውነተኛ ታሳርፊያቸዋለሽ። ለሌላው ጨዋታ ይሁን፣ ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ሁለት አውሮፕላን መጣልኝ። ከፊት በሰው የተሞላ ትልቅ፣ ከኋላው አንድ ባለሥልጣን የያዘ ትንሽ። ዐይኔን ሳላሽ ትልቁን ወደ ጎን አውጥቼ እንዲዞር አዘዝኩና ትንሹን አስገባሁ። ድምፄ ክፍሉን አናወጠው። ጥሩ ሠራሁ ብዬ ዞር ስል አስተማሪው ማሽኑን አቁመውታል።

«ለምን አዞርሽው?»

«ከኋላ ያለው ትልቅ ሰው ይዟል።»

«ቅድሚያ ይሰጠው የሚል መመሪያ ደርሶሻል?»

«አልደረሰኝም።»

«በሽተኛ ይዟል? ሞተሩ ተበላሽቷል?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ቀደመ?»

እኛ ጋ የአለቃ አውሮፕላን መጣ ሲባል ሌላው እንደ ጫጩት ይበተናል፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አስተማሪው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ትልቅ ሰው የሚባለው ነዳጁ ያለቀበት ነው» አሉኝና ማሽኑን እንደገና ከፈቱት።

ልጆቹ በዚህኛው አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በሚኒባስ ወደ ቡራዩ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ኮሎኔሉን በሆዴ ስሰድበው ሄድኩ። እኔ ከካምፕ የወጣሁ መስሎኛል፤ ለካ ሰውዬው ከነሆዱ ጭንቅላቴ ውስጥ ተከራይቷል። እሱን ማስለቀቅ የሥልጠናውን ግማሽ ፈጀብኝ። ማዘዜን ትቼ መናገር ለመድኩ። ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ዋናው አየር ማረፊያ፣ ከማማው ሥር ባለው የራዳር ክፍል ተመደብኩ።

ክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በሱሉልታ በኩል ዳመናው ጠቆረና በረዶ ያወርደው ጀመር። ከሰሜን የሚመጡትን አውሮፕላኖች ከዳመናው ርቀው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ እየዞሩ እንዲጠብቁ አደረግኩ። አራት ሆኑ። ሦስቱ መንገደኛ የጫኑ ትልልቆች ናቸው፤ አራተኛዋ ኋላ የደረሰች ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ነበረች። ነዳጃቸውን ጠይቄ ተራቸውን ነገርኳቸው።

በዚህ መሀል የፈረቃ ኃላፊያችን ከኋላዬ መጣ። ክራባቱን በሐሩርም በብርድም የማያላላ፣ ክፍላችን ብቅ የሚለው እንግዳ ሊያስጎበኝ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣

«እህቴ፣ ያቺን ትንሿን ብናስቀድማት?» አለኝ።

«ምን ገጠማት?»

«ምንም አልገጠማት። ከላይ ተደውሏል። ትልቅ ሰው አሉባት።»

«አሟቸዋል?»

«አይ፣ ቸኩለዋል።»

«ከፊት ያለው ነዳጁ ብዙ አያስኬደውም። ትልቁ ሰውዬ አራተኛ ነው።»

«ነገር አታካብጂ! ወታደር አልነበርሽ እንዴ? ትዕዛዝ ነው።»

ደሜ ፈላ። ከሁሉ ያናደደኝ ቃሉን ያወጣበት አፍ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጭቃ ላይ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ነው ትዕዛዝ የሚለኝ። ዐይኔን ከራዳሩ ሳላነሳ አጠገቤ የተሰቀለውን ባለማይክ ትርፍ ማዳመጫ በእጄ አሳየሁት።

«ይኸው፣ ያድርጉት። የምንናገረው ሁሉ ይቀዳል። ለመጀመሪያው አብራሪ 'የቸኮለ ትልቅ ሰው ስለመጣ ነዳጅህ እስኪያልቅ ዙር' ብለው በራስዎ ድምፅ ይንገሩት። እኔ ቀጥሎ ያለውን እሠራለሁ።»

ማዳመጫውን እባብ እንደሚያይ ሰው አየው። እጁን እንኳ አልዘረጋም። «ቆይ፣ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ በዚያ ፈረቃ አልተመለሰም። ዳመናው ሲገፋ አንደኛው ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ገባ፣ ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ገባ። የትንሿ አውሮፕላን አብራሪ ራሱ አንዴም አላጉረመረመም። አመስግኖኝ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት በሰርቪስ ስንሄድ ሹፌራችን፣ የሱሉልታ ሰው ነው፣ የሰርግ ወሬ ይዞ መጣ።

«ትናንት ሰፈራችን ጉድ ሆነ! አንድ ትልቅ ሰው በአውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ሙሽሮቹ ምሳ ሳይበሉ ድንኳን ውስጥ ሲጠብቁ፣ በረዶው መጥቶ ድንኳኑን ቀዳደደው። ሰውዬው ሲደርስ ሚዜዎቹ ውኃ ሲያስወጡ ነው ያገኛቸው።»

«ማን ነው ሰውዬው?» አልኩት።

«የሙሽራው አጎት ጓደኛ ነው አሉ። ንግግር ሊያደርግ ነበር።»

ከጎኔ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያ ሁሉ መንገደኛ አየር ላይ ሊንገላታ የነበረው ለአጎት ጓደኛ ንግግር መሆኑ ሳቄን ወሰደው።

ኃላፊያችን አልከሰሰኝም። ቢከስሰኝ የተቀዳው ድምፅ ይሰማል። ያደረገው ሌላ ነው፤ ማንም የማይፈልገው ፈረቃ ሁሉ የእኔ ሆነ። በዓል ሲመጣ እኔ ነኝ፣ እሑድ እኔ ነኝ። የቡራዩ ሚኒባስ በበዓል ጠዋት እንደ ታቦት የሚጠበቅ ነገር ነውና በጭቃው በእግሬ እስከ ዋናው መንገድ እወርድ ነበር። አቤቱታ አላቀረብኩም። ለማን? እሱን ለሾሙት?

ብዙም ሳይቆይ ዕድገት አግኝቶ ሄደ። እንደ እሱ ያለ ሰው ሲወድቅ እንኳ ወደ ላይ ነው የሚወድቀው። በምትኩ የመጣችው ሴትዮ ከሌላ ክፍል የተዛወረች ናት። ፈረቃውን ለሁሉም እኩል አካፈለችው፤ ክፍላችን ስትገባ ከኋላችን ቆማ ዝም ብላ ታያለች፤ ስንወጣ «በላችሁ?» ትለናለች። ልጆቹ ወደዋታል። እኔም የሚያስከፋ ነገር አላየሁባትም። ለማመን ግን አልቸኮልኩም፤ እስካሁን ከላይ አልተደወለላትም።