ቁንጮ አሳሪው ቶኮሄይና የወንድማማቾቹ ጠብ

የትግል ቤቶች በሞሉበት በርዮጎኩ ሰፈር ቶኮሄይን የማያውቅ የሱሞ ተፋላሚ ካለ ራሰ በራ መሆን አለበት። ዕድሜውን ሙሉ የተፋላሚ ቁንጮ ሲያስር የኖረ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ነገር የማይዋጥለት ሰውዬ ነው። ጣቶቹ ከፀጉር ቅባቱ ብዛት ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታሉ። ባቡር ላይ ሰው ዞር ብሎ ሲያሸትተው «ምነው፣ ከረሜላ መሰልኩህ?» ይላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቴ የሚለው ያንኑ የሚሠራበትን፣ ተፋላሚዎች አብረው እየኖሩ የሚሠለጥኑበትን የትግል ቤት ነው፤ ከወጥ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ጡረታ እስክወጣ ከዚያች ክፍል የሚነቀንቀኝ የለም ብሎ ነበር።

የቤቱ አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ጌንታ፣ ታናሹ ሪዮጂ። የሁለቱንም የመጀመሪያ ቁንጮ ያሰረው ቶኮሄይ ነው። ጌንታ ማበጠሪያው ሲነካው ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል፤ ሪዮጂ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። አድገው አገር ያወቃቸው፣ ሕፃን አሮጊቱ ስማቸውን የሚጠራው የትግል ጀግኖች ሆኑ።

ከዚያ አባትዬው ሞቱና ጉድ ፈላ። ሪዮጂ ጉልበቱ ተጎድቶ ቀድሞ ከትግል ወጥቶ ነበርና ቤቱን ወረሰ። ጌንታ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ወንድሜ አባባ ሳይሞቱ ነው ወንበራቸው ላይ የተቀመጠው» አለ። ሪዮጂ በማግስቱ በሌላው ቴሌቪዥን «እሱ አባባን ሊጠይቅ የሚመጣው ካሜራ ሲኖር ነው» ብሎ መለሰ። በቃ፣ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ ቤት ስም እየተጠሩ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት አለፉ። ዓሣ ሻጩ ሳይቀር በእነሱ የተነሳ ከደንበኞቹ ጋር ዱላ ቀረሽ ይጣላ ነበር።

«ማነው ጥፋተኛው?» ብሎ ቶኮሄይን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አይጠፋም። «ሁለቱም ለፍላፊዎች ናቸው፤ አንተም ሦስተኛቸው ነህ!» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። እሱን የሚያበግነው ሌላ ነው። የሁለቱ ፀጉር ማጅራታቸው ላይ የሚዞርበት ቦታ አንድ ነው። የጌንታን ራስ ባበጠረ ቁጥር የሪዮጂ ራስ ትዝ ይለዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በምን አፋቸው አንተዋወቅም ይላሉ?

ዘንድሮ ጌንታም ትግል በቃኝ አለ። ተፋላሚ ሲሰናበት መድረኩ ላይ ወንበር ይደረግለታል፤ ወዳጅ ዘመድ በየተራ ከኋላው እየቆመ በወርቅ ቅብ መቀስ ፀጉሩን ነካ ያደርግለታል። መጨረሻ ላይ ቁንጮውን ቆርጦ የሚያነሳው የቤቱ አለቃ ነው። የጌንታ አለቃ ደግሞ ከሪዮጂ ሌላ ማን ሆነና! አገር ሙሉ የሚጠብቀው ይህንን ነበር።

በዋዜማው ጠዋት፣ ተፋላሚዎቹ ላባቸውን ሳይጠርጉ በቆሙበት፣ ሪዮጂ ቶኮሄይን ጠራው። ጋሼ ይለው የነበረው ቀርቶ በስሙ ብቻ ነበር የጠራው።

«ነገ የዚያን ሰውዬ ቁንጮ በስስ ክር እሰር። አንድ ዙር ይበቃል።»

«የየትኛው ሰውዬ፣ አለቃ?»

«ታውቀዋለህ። መቀሱን አንዴ አሳርፋለሁ፣ ቁንጮው ይወድቃል፣ እወርዳለሁ። ከኋላው ተገትሬ ለካሜራ ቲያትር አልሠራም።»

«በአንድ ዙር የሚታሰረው የገበያ ባሮ ሽንኩርት ነው፣ አለቃ።»

ከተፋላሚዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። የሪዮጂ ፊት ደም መሰለ። «ከአንድ ዙር ብታሳልፍ ማበጠሪያህን ሰብስበህ ትወጣለህ። ጡረታህን እዚህ ቤት አትጠብቅም።»

«ሰምቻለሁ» አለ ቶኮሄይ። እሺ አላለም።

ክፍሉ ገብቶ ቁጭ ሲል ግን ፈራ። በስተርጅና ሜዳ ላይ መውደቅ ያስፈራል፤ ምን ይደበቃል! የሚስቱን ፎቶግራፍ አየ፣ የታጠፈውን ፍራሹን አየ። ከፈራ በኋላ ደግሞ ንዴቱ መጣ። «እኔን በክር ያስፈራራኛል? እኔ ነኝ እንጂ ክር ምን እንደሆነ ያሳየሁት!» ተነሥቶ ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ።

በማግስቱ ከመድረኩ ጀርባ ጌንታ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ተቀመጠ። ቶኮሄይ በሰም የታሸ የወረቀት ክሩን አወጣና አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይጠመጥም ጀመር። ጠመጠመ፣ ደገመ፣ የቁንጮው ሥር እስኪጠፋ ደራረበው።

«ጋሼ ቶኮሄይ፣ ዛሬ ራሴን ልትነቅለው ነው እንዴ?»

«ዝም በል! ልጅ ሆነህም ለፍላፊ ነበርክ።»

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቶኮሄይ የጎን በሩን ተደግፎ ያያል። ሰዉ ሁሉ በየተራው ፀጉሩን ነካ አድርጎ ወረደና ሪዮጂ ወጣ። መቀሱን አንዴ አሳረፈ። የወደቀ ነገር የለም። ደገመ። መቀሱ ክሩ ላይ ተንሸራተተ፤ የጌንታ ራስ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ሰዉ ተንሾካሾከ። ሪዮጂ ወደ ጎን በሩ ቀና ብሎ ቶኮሄይን በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። ቶኮሄይ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ ትክ ብሎ አየው።

ማምለጫ የለም። ሪዮጂ ግራ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን ራስ ያዘ። አጎንብሶ ይገዘግዝ ጀመር።

«ማነው የሚያርደኝ?» አለ ጌንታ ሳይዞር። ማን እንደሆነ መች አጣው!

«አትንቀሳቀስ።»

«መቀስ መያዝ እንኳ አታውቅም?»

«ራስህ ድንጋይ ሆኖ ነዋ!»

«አባባም እንደዚያ ይሉኝ ነበር።»

የሪዮጂ እጅ ቆመ። የጌንታ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም። ከዚያ ሪዮጂ እንደገና ቀጠለ፤ አሁን ግን ቀስ እያለ ነበር። ክሩ ተበጠሰ፤ ቁንጮው እጁ ላይ ቀረ። ጭብጨባው አዳራሹን ሲያናጋው ግራ እጁ ገና የወንድሙ ራስ ላይ ነበር።

ሪዮጂ ኮሪደሩ ላይ ቶኮሄይን አገኘው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ስንት ዙር ነው ያሰርከው?»

«ለሁለታችሁም የሚበቃ።»

«ማበጠሪያህን ትሰበስባለህ ብዬህ ነበር።»

«ሰብስቤ ነው የመጣሁት» አለና ቶኮሄይ የእንጨት ሳጥኑን ደረቱ ላይ አስደገፈው። «አባርረኝ፤ ግን ወንድምህ ፀጉሩ ተንጨባሮ ተቀምጧል፣ ሳልከረክመው አልሄድም። መስተዋት የሚይዝልኝም ሰው እፈልጋለሁ።»

መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ጌንታ ክፍል ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ ቶኮሄይ!» አለ ሪዮጂ ከኋላው።

«ምን ፈለግህ?»

«ቀስ በል፤ ሳጥኑ ይከብዳል» አለና ከእጁ ተቀብሎ ተሸክሞት ተከተለው።