መስኮት የማይዘጋው ሹፌር

ዝናሽ በዓረብ አገር እሑድ እሑድ ከዶራ ሰፈር ወደ አሠሪዋ ማዳም ቤት የምትመለስበት አሮጌ ታክሲ ዝናብ ላይ ሳል ሳል አደረገውና ቆመ። ሽማግሌው ሹፌር ወደ ሞተሩ ዘወር ብሎም አላየ። ከኋላ ሄዶ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ሲፈታ፣ ታንኩ አየሩን በፉጨት ሳበው።

«ይኸው! ሞተሩ ጤነኛ ነው። ያኒ፣ ማለቴ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኖ ቤንዚኑ አልወርድ ብሎ ነው።»

ቀጭኗን የመተንፈሻ ቱቦ ነቅሎ በአፉ ሲነፋት ጭቃ ተፋች። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ይህ ሰው ክረምት ከበጋ መስኮት አይዘጋም። የዝናሽ ነጠላ ራሰ።

«ኧረ አሞ፣ አጎቴ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ!»

«ያንቺን ልዝጋልሽ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። የኔን ግን ተይኝ፤ እዚህ በነበረው ጦርነት ጊዜ ምድር ቤት ተዘግቶብኝ ከርሜያለሁ።»

ዝናሽ ማዳሟ ከውጭ የምትቆልፍባትን በር አሰበች።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች፤ «የኔም ክፍት ይሁን።»