የቦኽታን ታሪክ ጸሐፊና የላይኛው ጎረቤታቸው

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ዞሰንሃይም በተባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ስምንት ፎቅ ካለው የኪራይ ሕንጻ ሦስተኛው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከዕድሜያቸው ሠላሳ አንዱን ዓመት ዚንድሊንገን በሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ በፈረቃ ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ከረባት ያስሩና ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። የሚጽፉት ስለ አገራቸው አይደለም፤ ስለ ራሳቸውም አይደለም። ቦኽታን ስለሚባል፣ ከጤግሮስ ዳርቻ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ይገዛ ስለነበረና ዛሬ ካርታ ላይ ስለሌለ የኩርድ መሳፍንት ግዛት ነው። የሚጽፉትም በአማርኛ ነው።

"ማን ያነብልዎታል ጋሼ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"አንተ። ከዚያ በኋላ እናያለን።"

ነገሩ የተጀመረው በተማሪነታቸው ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ታሪክ ሊያጠኑ በስኮላርሺፕ ፍራንክፈርት ሲመጡ ሐሳባቸው ስለ ዘመነ መሳፍንት መጻፍ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን፣ "የራስህን መሳፍንት ከመፍረድህ በፊት የሌላ ሰው መሳፍንት እይ" ብሎ በኦቶማንና በፋርስ መካከል ተጨንቀው የኖሩትን የኩርድ መሳፍንት ሰጣቸው። ማንበብ ሲጀምሩ ደነገጡ። አጎት የወንድሙን ልጅ ያስራል፤ እኅት ለባላንጣ ትዳራለች፤ ገበሬው ለሁለት ጌታ ይገብራል። ሁሉም የሚያውቁት ነው። የቦኽታን የመጨረሻው መስፍን፣ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ከመንገሣቸው ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በሱልጣኑ ጦር ተሸንፎ ወደ ቀርጤስ ደሴት ተጋዘ። "የኛን መሳፍንት የጨረሳቸው ከመካከላቸው ተነሣ፤ የነሱን የጨረሳቸው ከሩቅ መጣ" ይላሉ አቶ ሰይፈ። ከዚህ በላይ ልዩነት አይታያቸውም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ስኮላርሺፑ ተቋረጠ። ጥናታቸውን ያስጣላቸው ግን እሱ አልነበረም። በ1970 ዓመተ ምሕረት አንድ ቀን ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ትራም ሲጠብቁ፣ የሚያውቁት አንድ ተማሪ ሰናፍጭ የተቀባ ቋሊማውን እየገመጠ መጣና፣ "ወንድምህን ገደሉት አይደል? እግዜር ያጽናህ" ብሏቸው የደረሰው ትራም ላይ ተሳፍሮ ሄደ። አቶ ሰይፈ አልሰሙም ነበር።

"ሰናፍጩ እዚህ ጋ ነበር" ይላሉ የከንፈራቸውን ጥግ በጣታቸው እየነኩ። "ሌላ ምንም አላስታውስም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሰው እልቂት ማንበብ አቃታቸው፤ መጻሕፍቱን መልሰው ፋብሪካ ገቡ። አንድ ነገር ግን ለራሳቸው ሕግ አደረጉ። በዚህ ከተማ ካለነው ሐበሾች የአንዱ ዘመድ አገር ቤት ሲያርፍ፣ መርዶው እንደ ደንቡ እንዲነገር የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ይጠራሉ። ነርስ ወይም ሐኪም ይፈልጋሉ። ጎሕ ሲቀድ የሐዘንተኛው በር ይንኳኳል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። አንዳንድ ወጣቶች በፌስቡክ ዘመን ይህ ምን ይባላል ብለው ይስቃሉ። ሲደርስባቸው ግን በራቸው ላይ አራት አምስት ሰው ቆሞ ማግኘታቸውን አይረሱትም።

ሐምዳን የአምስተኛው ፎቅ ነዋሪ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው የሰባ ሰባት ዓመት ሰው። ከዓመታት በፊት ሊፍት ውስጥ አቶ ሰይፈ ከየት እንደመጡ ጠየቋቸው።

"ከቱርክ።"

"ከቱርክ የቱ ጋ?"

"ትንሽ ከተማ ናት፤ አታውቃትም። ጂዝሬ።"

ጂዝሬ የቦኽታን መናገሻ ነበረች። አቶ ሰይፈ መሳፍንቷን ከአባት ወደ ልጅ እየቆጠሩ ሲዘረዝሩላቸው፣ ሐምዳን አምስተኛው ፎቅ ላይ መውረድ ረስተው ስምንተኛው ድረስ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሐምዳን የራሳቸውን የሻይ ብርጭቆ ይዘው ይወርዳሉ። በጀርመንኛ "አንተ" ይባባላሉ። አቶ ሰይፈ የጻፉትን እየተረጎሙ ያነቡላቸዋል።

"ውሸት!" ይላሉ ሐምዳን። "ይሄን ያለህ ማነው፣ ቱርክ ነው?"

"እንግሊዛዊ ነው።"

"ይባስ ብሎ!"

መጽሐፉ እንዲህ እየተሰደበ አደገ። የቀረው ስለ ቦኽታን ጎረቤቶች የሚናገረው ምዕራፍ ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 የመስፍኑ ጦር ቲያሪ ወደሚባለው ተራራማ አገር ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ንስጥሮሳውያን የምትላቸውን ክርስቲያኖች ፈጀ። ሚሲዮናውያንና ቆንስሎች የጻፉትን አቶ ሰይፈ አንብበዋል። የፈለጉት ግን ከጦሩ ጋር የወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ማዕድ ላይ የሚያወሩትን ነበር። ሐምዳን እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ሲጨቀጨቁም፣ "እኅቴን ጠይቅ፤ የቤታችንን ነገር የምታውቀው እሷ ናት" ይላሉ።

ዘይነብ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ስትሆን ሐምዳንን እንደ እናት ያሳደገቻቸው ናት። የሐምዳን ስልክ ምስል የማያሳይ አሮጌ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ እኅትና ወንድም የሚተያዩት በአቶ ሰይፈ ታብሌት ነበር። ስለዚህ ጂዝሬ ያለው ቤተሰብ የሚያውቀው የሐምዳን ቁጥር የአቶ ሰይፈ ቁጥር ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ታብሌቱ ጠራ። የደወለችው ሳፋ ነበረች፤ የዘይነብ የልጅ ልጅ፣ እዚሁ ጀርመን ማንሃይም ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ግን ጂዝሬ ከአያቷ ዘንድ ያለች።

"አያቴ ሌሊቱን አረፈች" አለች በጀርመንኛ። "በናንተ ስምንት ሰዓት ላይ እንቀብራታለን። ለአጎቴ ንገሩልኝ። መቃብሩ አጠገብ ሆኜ እደውላለሁ፤ አፈር ሳይመለስባት አይቷት ይሰናበታት።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አሉ አቶ ሰይፈ።

ሊነግሯቸውም አስበው ነበር። ደረጃው ድረስ ወጥተው ተመለሱ። ሐምዳን በፀደይ የተዘጋ የልብ ቧንቧቸው ተከፍቶላቸው ከሆስፒታል የወጡ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ውኃ የሚያቀብላቸው የለም። በቁማቸው፣ በአንድ ሰው አፍ ሊነገራቸው? ወደ ቤት ገብተው ስልክ መምታት ጀመሩ፤ ለኔ፣ ጡረታ ለወጡት ነርስ ለእትዬ መነን፣ ለኤርትራዊው ወዳጃችን ለዘርኣማርያም።

"ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ጥቁር ልበስ።"

"ጋሼ፣ እስላም ናቸው እኮ፤ ዛሬውኑ ነው የሚቀብሩት" አልኳቸው።

"ብነግረውስ ከዚህ ተነሥቶ ይደርሳል? አይደርስም። እንግዲያስ በሰው መካከል ይስማ።"

ሳፋ ከመቃብሩ እንደምትደውል አልነገሩኝም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ከምሳ በኋላ ሐምዳን ብርጭቆአቸውን ይዘው ወረዱ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ አቶ ሰይፈ ራሳቸው ናቸው። ሐምዳን ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

"የቀረህ ጥርስ አለ?" ብለው ሳቁና ወንበር ሳቡ። "ደብተርህን አምጣ። እሑድ አንተ ሻይ ስታፈላ እኅቴ ፈቀደችልኝ። 'ለዚያ ሐበሻ ንገረው፤ እኔ ይዤው አልቀበርም' አለችኝ።"

አቶ ሰይፈ ደብተራቸውን አመጡ።

የሐምዳን ቅድመ አያት ቲያሪ ውስጥ ክርስቲያን ክሪቭ ነበራቸው። ክሪቭ ማለት ልጅ ሲገረዝ ጭኑ ላይ የሚይዝ ሰው ነው፤ እንደኛ የክርስትና አባት፣ ግን ሃይማኖት ሳይለይ፣ ዘመድ ይሆናል፤ ደም ያማልዳል። ሰውየው በየዓመቱ በመከር ማርና ለውዝ ጭኖ ይወርድ ነበር። በዚያ ዓመትም ወረደ። ቅድመ አያትየው ጦሩ እየተሰበሰበ መሆኑን ያውቃሉ፤ በቅሎ ይዘህ ና ተብለዋል። ጠቦት አረዱለት፤ ከቤቱ ሁሉ የተሻለውን ምንጣፍ አነጠፉለት።

"ለምን አልነገሩትም?" አሉ አቶ ሰይፈ እየጻፉ።

"እየበላ ስለ ልጁ ሠርግ ሲያወራ ደስ ብሎት ነበር። ይብላና ይተኛ፣ ነገ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ አሉ። በማግስቱ ድልድዩ ድረስ ሸኙት። አፋቸው እንቢ አላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እኛ ቤት ማር አልመጣም።"

በዚህ መካከል ስምንት ሰዓት ሆኖ ታብሌቱ ጠራ።

"አታነሣውም?" አሉ ሐምዳን።

"ማስታወቂያ ነው።"

ቆይቶ እንደገና ጠራ። አቶ ሰይፈ በግንባሩ ደፉት። ሦስተኛ ጊዜ ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ ዝም አለ። ሐምዳን ሻያቸውን ፉት ብለው የድልድዩን ስም ነገሯቸው።

"እጄ መጻፉን አላቆመም" አሉኝ አቶ ሰይፈ። "እሱ ነው እኔን ያስፈራኝ። አንድም ቃል አልሳትኩም።"

ዓርብ ንጋት አራታችን በጨለማው ደረጃውን ወጣን። እትዬ መነን ጥቁር ነጠላ ደርበው የደም ግፊት መለኪያቸውን በቦርሳ ይዘዋል። ዘርኣማርያም አራተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ "በዚህ ሰዓት አራት ሐበሻ ጥቁር ለብሶ በሩን ሲያንኳኳ ፖሊስ እንዳይጠራብን ብቻ" አለ በሹክሹክታ። እትዬ መነን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

ሐምዳን በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ። ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ።

"እሳት ተነሣ?"

አቶ ሰይፈ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። "ሐምዳን፣ ወንድሜ፣ እኅትህ አርፋለች።"

እትዬ መነን እንደ ወጋችን ማልቀስ ጀመሩ። እኛም አንገታችንን ደፋን። ሐምዳን አላለቀሱም።

"መቼ?"

"ለትናንት አጥቢያ።"

"ተቀበረች?"

"ትናንት።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

እኔ አላውቅም ነበር፤ ዘርኣማርያምም አያውቅም።

"ስምንት ሰዓት" አሉ አቶ ሰይፈ በመጨረሻ።

ሐምዳን ወደ አቶ ሰይፈ ዞሩ። "ያ ማስታወቂያ" አሉ። ቀጥለውም፣ "አንተ ደግሞ ትጽፍ ነበር።"

ተነሥተው ሻይ አፈሉልን፤ እንግዶች ነበርንና። እንቢ ለማለት የደፈረ አልነበረም። ትኩስ ሻያችንን ቶሎ ቶሎ ጠጣን።

ማክሰኞ ሐምዳን አልወረዱም። ሐሙስም አልወረዱም። አቶ ሰይፈ በቀብሩ ቀን የጻፏቸውን ገጾች ከደብተሩ ቀደው በሐምዳን በር ሥር አስገቡ፤ በማግስቱ በራሳቸው በር ሥር ታጥፈው ገብተው አገኟቸው። በሦስተኛው ሳምንት እኔንና እትዬ መነንን ለሽምግልና ጠሩን። "ከፈለገ ድንጋይ ተሸክሜ እወጣለሁ" አሉ፤ ቀልዳቸው አልነበረም።

ሐምዳን በደኅና ተቀበሉን። እትዬ መነን ወጋችንን፣ አቶ ሰይፈ የሳቸውን የልብ ሕመም መፍራታቸውን፣ ክፋት እንዳልነበረበት በረጅሙ አስረዱ። ሐምዳን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያሳደገችኝ ሴት ግን ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ሰማኋት፤ አላነሣሁም።"

"አቶ ሰይፈ እኮ ናቸው ያላነሡት" አሉ እትዬ መነን።

"የሰማሁት እኔ ነኝ።" ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። "ምዕራፉን ይጻፈው፤ ስሜን አያንሣ። እኔ ግን ከእንግዲህ አልወርድም።"

አቶ ሰይፈ ደረጃው ላይ፣ የብረት ድጋፉን ይዘው ይጠብቁን ነበር። ከረባታቸውን አስረዋል።

"ምን አለ?"

እትዬ መነን ቀደሙኝ። "ትንሽ ጊዜ ይስጧቸው። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ልባቸው..."

"አይወርዱም ጋሼ" አልኩ። "ከእንግዲህ አልወርድም ብለዋል።"

እትዬ መነን እጄን ቆነጠጡኝ። አቶ ሰይፈ አዩኝ።

"ሌላስ?"

"ምዕራፉን ይጻፈው፣ ስሜን አያንሣ ብለዋል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከደጅ እንግዳ መልሰው የማያውቁት ሰው፣ ግቡ ሳይሉን ገቡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

"እንዲህ ተደርጎ ይነገራል?" አሉኝ እትዬ መነን። ዓይናቸው እንባ አዝሏል።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ፌርማታው ላይ ተራርቀን ቆምን።