ወደ ጉዛራ ግንብ በነጭ ቲኬት

ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ አንድ የብረት መብሻ፣ ሦስት ጥራዝ ቲኬትና አንድ ዱካ ነው። ቢሮው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ከዋርካ ሥር የቆመ የሳንቃ ቤት ነበር። አለቃዬ አንገቱን ሁልጊዜ በሻርፕ የሚጠቀልል ቀጭን ጣሊያን ነው። መብሻውን አቀበለኝና በተሰባበረ አማርኛ «ብሳ» አለኝ። በሳሁ። ቀዳዳው ልክ ቲኬቱ መካከል ላይ ወጣ። «ከዚህ በፊት ሠርተሃል?» አለኝ። መብሻ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። «አዎ» አልሁት። እጄ መስክሮልኛልና እንደ ውሸት አልቆጥረውም።

ስሜ እንድሪስ ነው፤ የቁንዝላ ታንኳ ሠሪ ልጅ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። የቆሎ ተማሪዎችን በታንኳ ሳሻግር ዓይኔ የሚያርፈው በያዙት የፊደል ገበታ ላይ ነበር፤ ማዶ እስክንደርስ አንድ ረድፍ እይዛለሁ። በሁለት ክረምት ጨረስሁት። ጣልያንኛውን ደግሞ ከጣሊያኖቹ ጀልባ ጆንያ ሳወርድ በጆሮዬ ለቀምሁት። ዓመት ሳይሞላኝ፣ አለቃዬ ከባልደረባው ጋር ሲከራከር ማን እንደተረታ አውቅ ነበር።

«ለጠላት ነው የሠራኸው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ለጠላት ነው። ጀልባውም መድረሻውም በእነሱ እጅ ነበር። ጫካ የገቡ ጓደኞች ነበሩኝ፤ እኔ አልገባሁም። ይህን አልደብቅም።

ቢሯችን መኮንኖችን፣ ሚስቶቻቸውንና ነጋዴዎቻቸውን ወደ ጉዛራ ግንብ ይወስዳል። ጉዛራ ከእንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ከላይ የሚያይ የጥንት ነገሥታት ቤት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ይኬዳል፣ ዳር ላይ በድንኳን ይታደራል፣ በማግሥቱ ይወጣል።

ቲኬቱ ሦስት ቀለም ነበረው። ቀዩ ውዱ ነው፤ ጥላ ያለው ጀልባ፣ በጓሮው መንገድ እስከ በሩ ድረስ በቅሎ፣ አስጎብኚ፣ ፎቁ ላይ ምሳ። ሰማያዊው እስከ ኮረብታው ወገብ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር ነው፤ ምድር ቤቱን ብቻ ያሳያል። ነጩ የተራ ወታደር ነው። ነጭ የቆረጠ ሰው በዕቃ ጀልባ ይሄዳል፣ በእንፍራንዝ የገበያ መንገድ በእግሩ ይወጣል፣ ግንቡን አይቶ ይመለሳል። አስጎብኚ የለውም።

ቲኬት መምረጥ ሙያ ነው። ገዢው ቀለም ይጠራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ጫማውን አያለሁ፣ ከዚያ አተነፋፈሱን። አንድ ጊዜ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረገች ወይዘሮ መጥታ ቀዩን አለችኝ።

«እመቤቴ፣ ቀዩ ደረጃ አለው፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም» አልኋት።

«ባሌ ሻለቃ ነው» አለችኝ።

«ደረጃው ማዕረግ አይለይም።»

ሳቀችና ሰማያዊውን ወሰደች። ስትመለስ አንድ እፍኝ ካራሜላ ሰጠችኝ። አለቃዬ ይህን አይቶ በሦስተኛው ወር ከቲኬቱ ሥራ ጋር አስጎብኚም አደረገኝ፤ ደረቴ ላይ የሚሰካ የነሐስ ምልክትም ሰጠኝ። በሐይቁ ዙሪያ ያን ምልክት ያደረግሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ግንቡን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ግን አፌ ተያዘ፤ ይህ እኔን አይገጥመኝም። አባቴ ከሐይቅ ዳር ሣር፣ ከደንገል፣ አስሮ የሚሠራው ታንኳ የሚያገለግለው ጥቂት ወር ነው። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። ያደግሁት የሰው እጅ የሠራው ሁሉ እንዲህ እንደሚያልቅ አምኜ ነው። ግንቡ ሥር ቆሜ ሽቅብ ሳይ ባርኔጣዬ ወደ ኋላ ወደቀ። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ኖራ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት ምልክት ነበር፤ ኖራው ሳይደርቅ የተጫነ። አውራ ጣቴን ከተትሁበት። ልክ ሆነ። የግንበኛው አጥንት እንኳ የለም፤ ጣቱ ግን አለ። እዚያው ቁጭ አልሁ።

በቅሎ የሚያከራዩን አያ ቸኮል የሚባሉ የእንፍራንዝ ሽማግሌ ናቸው። ከግንቡ በታች፣ በገበያው መንገድ ላይ፣ አንድ ሾላ አለ። አያ ቸኮል በየትኛውም መንገድ ቢመጡ ግንቡ ሲታያቸው ከበቅሏቸው ይወርዳሉ፣ ኩታቸውን ያደገድጋሉ፣ ልጓም ይዘው በእግራቸው ያልፋሉ። ከግንቡ ማዶ ሲደርሱ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔና ባለ ቀይ ቲኬቶቹ ግን በሩ ላይ እስክንደርስ ከኮርቻ አንወርድም።

«አያ ቸኮል፣ ንጉሡ ወጥተው እንዳይቆጡዎት ነው?» እያልሁ እቀልድባቸው ነበር።

«አንተ ቀዛፊ፣ እኔ የምወርደው ለበሩ ነው።»

«በሩ'ኮ ሳንቃ የለውም።»

«ያንተስ አፍ መቼ ሳንቃ አለው?»

ከዚያ መሐንዲሱ መጣ። ባሕር ዳር ላይ አዲስ የጀልባ መድረሻ ሊገነባ የተላከ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ጫማውን አየሁ፤ ሶሉ ወፍራም። ቀዩን ቆረጥሁለት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ መጥፎ ቲኬት ቆርጬ አላውቅም።

ግንቡ ውስጥ ሳስገባው እንደ ልማዴ ንግግሬን ለቀቅሁት። «ሲኞር፣ ይህ ኖራ በእንቁላል የተለወሰ ነው ይላሉ አባቶች። ማዕዘኑን ይዩት! ከዚህ እስከ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ የተጠረበ ድንጋይ አያገኙም። ውሃ ውስጥ ቢከቱት ሺህ ዓመት ይኖራል።» መሐንዲሱ ከኪሱ ተጣጣፊ መለኪያ አወጣና ድንጋዮቹን ይለካ ጀመር። በንግግሬ የተደነቀ መሰለኝ። ጨመርሁለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አለቃዬ ጠራኝ። ፊቱ በርቷል።

«እንድሪስ፣ ዕድለኛ ነህ። መሐንዲሱ ግንቡን አፍርሶ ድንጋዩን ለመድረሻው ሊያመጣው ነው። ውሃ ውስጥ ሺህ ዓመት ይኖራል ያልኸው አንተ አይደለህም? ቅዳሜ ሄዶ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። የአፍራሾቹ ካቦ አንተ ነህ።»

ካቦ ማለት በዚያን ጊዜ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሰው የሚያዝዝ ማለት ነው። ከታንኳ ሠሪ ልጅ ካቦ የሆነ አልነበረም። ከአፌ ልማድ «ግራዚየ» ብዬ አመሰገንሁ። ከቢሮው ወጥቼ ዋርካው ሥር ስደርስ ያ በኖራው ላይ ያለው ጣት ትዝ አለኝ። ስንት ክረምት ያላፈረሰውን ቤት በአንድ ከሰዓት በምላሴ አፈረስሁት።

በማግሥቱ በዕቃ ጀልባ ወደ እንፍራንዝ ሄድሁ። አያ ቸኮል የበቅሎ ሰኮና ሲፍቁ አገኘኋቸው። ነገርኋቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ስንቱን ድንጋይ?»

«ሁሉንም።»

«ማን አሳየው?»

«እኔ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደቡኝም። «በየት በኩል አመጣኸው?» አሉኝ።

«በጓሮው፤ በበቅሎ፤ እስከ በሩ።»

«እንግዲያስ ያሳየኸው ድንጋይ ነው፤ ቤቱን አላየውም። ቅዳሜ በእግሩ አምጣው። በገበያው መንገድ።»

ይህን ሐሳብ ብዙ ዓመት የራሴ አድርጌ አውርቻለሁ። የእሳቸው ነው።

ዓርብ ጠዋት መሐንዲሱ ወደ ቲኬት መስኮቴ መጣ። «ቀይ» አለ። ነጩን በስቼ ሰጠሁት።

«ይህ የወታደር ነው!»

«ሲኞር፣ ድንጋዩ በበቅሎ መንገድ አይወርድም። ጋሪ የሚያልፈው በገበያው በኩል ነው። መንገዱን ሳያዩ በምን ያወርዱታል?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ቲኬቱን ኪሱ ከተተ። በነጩ አስጎብኚ የለም፤ እኔ የቀለም ቆርቆሮውን ተሸክሜ ተከተልሁት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቶ ነበር። ጤፍ የጫነ አህያ፣ ዶሮ በቅርጫት፣ በርበሬ፣ በበቅሎ የተቀመጡ ባላገሮች። ሾላው ጋ ስንደርስ ከፊታችን ያለው ባለ በቅሎ ወረደ። ከኋላችን ያሉትም ወረዱ። ኩታቸውን አደገደጉ። መሐንዲሱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀላቸው፤ ለእሱ የወረዱ መስሎታል። አንዳቸውም አላዩትም። ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው በግንቡ ሥር አለፉና ማዶ ሲደርሱ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለኔ አይደለም?» አለኝ።

«አይደለም ሲኞር።»

ያኔ ሁለት ወንድማማቾች አባታቸውን በበቅሎ ላይ ግራና ቀኝ ደግፈው መጡ። ወደ ጠበል እየወሰዷቸው ነው። የሽማግሌው ፊት አመድ መስሏል፣ አንገታቸው አይቆምም። ልጆቹ ሾላውን ዝም ብለው ሊያልፉ ሲሉ ሽማግሌው ልጓሙን ያዙ።

«አውርዱኝ።»

«አባዬ፣ አይችሉም። ለታመመ ሰው ይቅር ይባላል።»

«አውርዱኝ እንጂ! በዚህ ተቀምጬ አልፌ አላውቅም። ዛሬ ልጀምር?»

አወረዷቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ ታጠፈ፤ ልጆቹ ቀና አደረጓቸው። አንድ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሌላ እርምጃ ሄዱ። ከኋላቸው ያለው ገበያተኛ ሁሉ ቆመ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ያለፈ የለም። ከዶሮዎቹ በቀር ድምፅ አልነበረም። ግንቡ ከበላያችን ቆሟል፣ በመስኮቶቹ ሰማይ ይታያል። ሽማግሌው በባዶው በር ትይዩ ሲደርሱ እጅ ነሡ፤ ልጆቹ ባይይዟቸው በግንባራቸው ይወድቁ ነበር። ስንት ጊዜ እስከዚያ በር በበቅሎ እንደሄድሁ አሰብሁ። አፈርሁ።

መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውስጥ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም።»

«ካልወረዱ ማን ይቀጣቸዋል?»

«ማንም ሲኞር።»

ሽማግሌው ማዶ ደርሰው በቅሎ ላይ እስኪወጡ በዓይኑ ተከተላቸው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለላቡ ይሁን ለሌላ አላውቅም። ከዚያ ግድግዳው ጋ ወጣን። በዚያ ቀን አንድም ቃል አላስረዳሁትም። በኖራው ላይ ያለውን የጣት ምልክት ብቻ አሳየሁት። አውራ ጣቱን ሊከት ሞከረ፤ የእሱ ትልቅ ነው፣ አልገባም። የቀለም ቆርቆሮውን ለመክፈት ስጎነበስ «ተወው» አለኝ።

ስንመለስ ጀልባው ሐይቁ መካከል ሲደርስ ወደኔ ዞረ። «ለአለቃህ የምለውን አንተም ትላለህ» አለኝ።

«ምን ይሉታል?»

«ትሰማለህ።»

ባሕር ዳር ስንደርስ አለቃዬ መድረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ቀዛፊው፣ ተሸካሚው፣ አሣ ሻጩ ሁሉ አለ። መሐንዲሱ «ድንጋዩ አይረባም» አለ። «ውስጥ ውስጡን የበሰበሰ ነው። ሌላ ቦታ አስጠርባለሁ። ይህ ሰውህ ስለ ድንጋይ አንዳች የማያውቅ ለፍላፊ ነው።»

አለቃዬ ወደኔ ዞረ። ሆን ብሎ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው «እውነት ነው? አታውቅም?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን «አላውቅም» የሚል ቃል በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። መብሻውን እንኳ አውቃለሁ ብዬ ነው የያዝሁት። ያ ድንጋይ በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ድንጋዮች ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሕዝቡ አፌን ያያል።

«አላውቅም ሲኞር» አልሁ። «ስለ ድንጋይ ምንም አላውቅም። የታንኳ ሠሪ ልጅ ነኝ።»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። አንዱማ «እንኳን ነገርኸን!» ብሎ ጮኸ። አለቃዬ የነሐሱን ምልክት በገዛ እጁ ከደረቴ ነቀለው። ካቦነቱም ቀረ፣ አስጎብኚነቱም ቀረ፤ መስኮቴና መብሻዬ ብቻ ቀሩልኝ። መሐንዲሱ መድረሻውን ከሌላ ቦታ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ሠራ። በአጠገቤ ሲያልፍ አንድም ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልጠበቅሁም።

ሌላ ቅዳሜ ለራሴ ነጭ ቲኬት በስቼ ሄድሁ። ሾላው ጋ አያ ቸኮል በቅሏቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ኩታዬን ሳደገድግ አዩኝ።

«አፍህ ሳንቃ ገባለት?» አሉኝ።

«ገባለት አያ።»

አብረን በእግራችን አለፍን።

ዛሬ ዓባይ ማዶ ከደጃፌ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው፣ አሁን እንግዳ ይዘው ወደ ግንቡ ለሚሄዱ ወጣቶች ነው። በራሴ የተማርሁትን ብዙ ነግሬያችኋለሁ፤ ይህኛውን ያስተማሩኝ አያ ቸኮል ናቸው። እንግዳው ቀለም ቢጠራም መንገዱን የምትመርጡለት እናንተ ናችሁ። የሀገሬው ሰው በሚያልፍበት መንገድ ውሰዱት። ጫማውን እዩ፤ ከማሞገሳችሁ በፊት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ምን እንደያዘ እዩ።