እናቴ ክፍል የሰቀልኩት ኤሲ

ሰው ኤሲ ቅዝቃዜ የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም አቦ! ሙቀት ያመላልሳል እንጂ፤ ከቤት አንስቶ ውጭ ይጥላል። ማሞቂያም ካለው ውስጡ አንዲት ቫልቭ አለች። እሷ ስትዞር የጋዙ መንገድ ይገለበጥና የውጭውን ሙቀት ለቅሞ ቤት ያስገባል። ብርድ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ማን ማሞቂያ ይፈልጋል? ስለዚህ እኛ ኤሲ ጠጋኞች ያቺን ቫልቭ ከቁም ነገር አንቆጥራትም።

እናቴ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ «ሙቀት እንዳይበዛባት» ሲለኝ፣ ከጅቡቲ የመጣ ያገለገለ ኤሲ ገዝቼ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ክፍሏ ውስጥ ሰቀልኩላት። ስሞክረው ትኩስ አየር ተፋብኝ። ቫልቯ ማሞቂያው ላይ ተጣብቃለች። መቀየር ነበረብኝ። ግን አንድ ልማድ አለን፤ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ስናደርጋት ትለቃለች። መታ መታ አደረግኳት፣ ለቀቀች፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚባለው በኔ ቤት ደረሰ። ለሰው ቤት ቢሆን፣ ወላሂ፣ እቀይራት ነበር።

«እማዬ፣ በርና መስኮት እንዳትከፍቺ፤ ኤሲ ክፍት ቤት አይወድም» አልኳትና ለሥራ ጅግጅጋ ሄድኩ። በየቀኑ እደውላለሁ።

«ኤሲውስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው ልጄ!»

በሳምንቱ ጎረቤታችን ሴትዮ ደወሉልኝ። እናቴ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች። በርሬ መጣሁ። ግማሽ አካሏ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ልብሷን ላመጣላት ቤት ሄጄ የክፍሏን በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ኤሲው አሁንም እየሠራ ነው። ቫልቯ ተመልሳ ዞራ የግቢውን ሐሩር ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል። መስኮቱ እንዳልኳት ጥርቅም ብሏል።

ጎረቤታችን ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ነይ፣ ዛፉ ሥር ነፋስ አለ ብንላት እምቢ አለች» አሉኝ። «‹ልጄ ለኔ ብሎ የሰቀለውን ትቼ ውጭ ብቀመጥ ሰው ምን ይለዋል?› አለችን። ‹ቤቴ ይቀዘቅዛል› ትለን ነበር እኮ።»

አልጋዋ ላይ ቁጭ አልኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አንደበቷ ሲፈታ ጠየቅኳት። «እንደዚያ ሲያቃጥልሽ ምነው አልነገርሽኝም?»

«አንተ የሠራኸውን ተበላሸ ልበል? በምን አፌ?» አለች።

በነጋታው ኤሲውን ነቅዬ ጣልኩት። ቀኝ እጇ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዱዓ ስታደርግ ከሥር ደግፌ የማነሳላት እኔ ነኝ፤ የምትለምነውም ሥራዬ እንዲቃናልኝ ነው።