ስልክ ሲያወሩ ከቤት የምንወጣበት ዘመን

በልጅነቴ የቤታችን ስልክ ሲጮኽ ብዩን ጥሎ የሚሮጠው እኔ ነበርኩ። አዳማ፣ በእኛ ሰፈር ስልክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ የእኛን ቁጥር ለዘመዶቹ አድሎ ነበር። እናቴ ታነሳና “ቆየት ብለው ይደውሉ፣ እናስጠራለን” ትላለች፤ እኔ ደግሞ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ አቧራዬን እያቦነንኩ የተፈለገውን ሰው ልጠራ እበራለሁ። ጥቁሩ ስልክ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ይቀመጥ ነበር። እጀታው ሁልጊዜ የሰው ፀጉር ቅባት ይሸታል።

እናቴ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራት። የተጠራው ሰው እጀታውን እንደያዘ ሁላችንንም ወደ ግቢ ታስወጣናለች፣ አባቴን ሳይቀር። ምሳ ላይ ብንሆን እንኳ ሳህናችንን ይዘን ግቢው ውስጥ ያለችው የኒም ዛፍ ስር እንቆማለን። አባቴ “በገዛ ቤቴ ስደተኛ ሆንኩ!” እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ይወጣል። እኔ የሰው ወሬ መስማት ነፍሴ ስለነበር ይህ ሕግ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ጫልቱ ተጠሩ። ባለቤታቸው የአሰብን መስመር የሚነዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እትዬ ጫልቱ ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እንደወትሮው “ገለቶማ” ብለው አመሰገኑ፤ ግን ዓይናቸው ደም መስሏል። አብራን የምትኖረው አክስቴ ምን እንደተፈጠረ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እናቴ በዓይኗ ገሠፀቻት። ወንበር አወጣች፣ ውሃ ቀዳች፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። በኋላ ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃት “ስልኩ የእኛ ነው እንጂ ወሬው የእሳቸው ነው” አለችኝ። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያቺ እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጄ አያቷን ስልኳን በድምፅ እየጠየቀች መልስ ማግኘት አስተማረቻትና እናቴ ደስ ብሏት ነበር። በቅርቡ አንድ እሁድ ከቸርች መልስ ከእንግዶች ጋር ምሳ እየበላን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የከፈትነው መዝሙር ተቋረጠና የጡት እብጠት ምርመራ ማስታወቂያ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ሰሞኑን በባለቤቴ ስልክ ላይም ይኸው ሲመላለስ ነበር። የእናቴ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። “ለዚህ ደግሞ ማን ነገረው?” አለች ቀስ ብላ፤ ተነስታም ክፍሏ ገባች። ለእኛ ያልነገረችንን ስልኳን ጠይቃው ኖሯል፤ ወሬው በቤታችን ኢንተርኔት በኩል አስታዋቂዎቹ ጋ ደርሷል። እንግዶቹ ወጡን ማመስገን ጀመሩ። የገዛ ሳሎኔ እናቴን ሰው ፊት አሳጣት፤ በቁጣም በሐፍረትም ነደድኩ።

በማግስቱ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጫንኩ፤ በነፃ የሚገኝ፣ አሠራሩም ከማንም ያልተደበቀ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ስልክና ቴሌቪዥን ወደ ኢንተርኔት ሲወጡ አድራሻ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የማስታወቂያና የመረጃ ለቃሚዎችን አድራሻ ሲጠይቁት አይሰጣቸውም። ቴሌቪዥናችን ማንም ሳይነካው ስንት ቦታ ሊያወራ ይሞክር እንደነበር ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ማስታወቂያው ጠፋ።

ነገር ግን ሶፍትዌሩ የቤቱን ጥያቄ ሁሉ እየመዘገበ ለእኔ ያሳያል። የእናቴ ስልክ የት የት እንደገባ ለማየት አንድ ቦታ መጫን ብቻ ይበቃኝ ነበር። ፈራሁ። እብጠት ከሆነ ውሎ ማደር የለበትም፤ ልጇ አይደለሁም እንዴ? ደግሞ ሰላዮቹን አባርሬ ወንበራቸው ላይ ልቀመጥ ነው? ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ መዝገቡን ሳላየው አጠፋሁት፤ ዳግመኛም እንዳይመዘግብ አደረግኩት። ትክክል መሆኔን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ክፍሏ ገብቼ “እማዬ፣ የቻልኩትን ያህል ዘግቻለሁ” አልኳት።

“አንተስ?” አለችኝ።

“እኔም አላይም።”

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ስለ ሕመሟ ግን አላነሳችልኝም።

ያኔ ሰውን ለብቻው ለመተው ከቤት መውጣት ይበቃ ነበር። አውርቶ ሲወጣ ደግሞ ፊቱ ይታያል፤ ውሃ የሚያቀርብለት አይጠፋም። አሁን ሁላችንም የየራሳችንን ስልክ ይዘን አንድ ሶፋ ላይ እንቀመጣለን፤ የማናውቀው ሩቅ ሆኖ ጭንቀታችንን ይሰማል፣ አጠገብ ያለነው ግን አንሰማም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ባጃጅ እንድጠራላት ጠየቀችኝ። ወዴት እንደምትሄድ እንዳልጠይቃት ራሴን ያዝኩ። ገብታ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ላይ አደረገች። “ሆስፒታል” አለችው ባለ ባጃጁን። እኔ ግቢው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባለ ባጃጁ ሞተሩን ሲያስነሳ ቀና ብላ አየችኝና ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።