የኔታ በር የሚያስደግፉበት ብረት

ዛሬ ደባርቅ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህሬ ቤት መጽሐፍ ስገልጥ የማውቀው ነገር ሥዕል አየሁ።

ስለ ድሮ የምሽግ ውጊያ መሣሪያዎች የተጻፈ፣ ከገበያ ከጠፋ የቆየ መጽሐፍ ነው። ሁለት ዓመት ፈልጌዋለሁ።

ሥዕሉ ላይ ያለውን የእጅ ቦምብ አውቀዋለሁ። ዳባት ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ በራቸውን የሚያስደግፉበት ብረት ነው!

ለየኔታ ደወልኩ፤ አላነሱም። በሦስተኛው አነሱ።

«የኔታ፣ በሩ ሥር ያለውን ብረት እንዳይነኩት!»

«ሚስማር እየመታሁበት ነው፤ ምነው ልጄ?»

«ቦምብ ነው! ቀስ ብለው ያስቀምጡትና ይውጡ!»

«በስመ አብ» ሲሉና በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

ፖሊስ ጠራሁ። የቦምብ ባለሙያ መጥቶ ሲያየው፣ ገና ሊፈነዳ የሚችል ቦምብ ነው። በጥንቃቄ ወሰደው።

የኔታ ደህና ናቸው፤ «መዶሻዬን ወሰድክብኝ» ብለው ተቆጥተውኛል።

እናንተስ ቤት ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ብረት ተገኝቶ ያውቃል? እስኪ አጫውቱኝ።